«ግሪት»፦ የቀድሞው ስኮትስ የለቅሶ ቃልና የዛሬው የቋንቋ ክርክር

ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 30 ቀን 2025) በስኮትላንድ የቅዱስ እንድርያስ በዓል ሲከበር፣ ጌሊክና ስኮትስ በሕግ የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋዎች ሆኑ። የጌሊክ ነገር ብዙ ሰው አላወዛገበም፤ ከእንግሊዝኛ ፈጽሞ የራቀ፣ የአየርላንድ ቋንቋ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ማንም ሰምቶ ይለየዋል። ጥያቄው የበዛው በስኮትስ ላይ ነው። «ይህ እኮ እንግሊዝኛ ነው፤ ቢበዛ የገጠር አነጋገር ነው» የሚሉ አሉ። «የለም፣ የራሱ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ያለው ቋንቋ ነው» የሚሉም አሉ።

ክርክሩ በጥቅሉ ሲካሄድ ቶሎ ወደ ፖለቲካ ይገባል፤ ስለ ስኮትላንድ ነፃነት ያለውን አቋም የሚገልጽበት አድርጎ የሚወስደው ሰው ብዙ ነው። አንድ ቃል ይዞ ዘመኑን ተከትሎ መሄድ ግን ነገሩን ረጋ ብሎ ለማየት ያስችላል። ለዚህ የተመረጠው ማልቀስን የሚገልጸው «ግሪት» ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስኮትስ ሲባል ምን ማለት ነው?

በስኮትላንድ ሦስት ቋንቋዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። እንግሊዝኛ የመንግሥት፣ የትምህርትና የመገናኛ ብዙኃን ቋንቋ ነው። ጌሊክ ከኬልቲክ ቤተሰብ ሲሆን በተለይ በምዕራባዊ ደሴቶች ይነገራል። ስኮትስ ደግሞ እንደ እንግሊዝኛ ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው፤ በቆላማው የአገሪቱ ክፍል፣ በሰሜን ምሥራቅ፣ በኦርክኒና በሸትላንድ ደሴቶች ይነገራል። ሁለቱም ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወጡ ናቸው፤ የስኮትስ ሥር የዚያ ቋንቋ የሰሜን ዘዬ ነው። ዘዬ ማለት አንድ ቋንቋ በየአካባቢው የሚይዘው የአነጋገር መልክ ነው።

በ2022 በተካሄደው ቆጠራ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ስኮትስ እናገራለሁ ብሏል። መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ ወይም መረዳት ከሚሉት ቢያንስ አንዱን የሚችለው ደግሞ ወደ 2.4 ሚሊዮን ይደርሳል፤ ይህ ከሕዝቡ 46 ከመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። መልሱን የሚሰጠው ሰውየው ራሱ ነው፤ አንዱ በእንግሊዝኛው ውስጥ ጥቂት የአገር ቤት ቃላት ስለሚጨምር «እችላለሁ» ይላል፣ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ ሲናገረው ኖሮ «ይህ ቋንቋ ሳይሆን ስድ አነጋገር ነው» ተብሎ ስላደገ «አልችልም» ይላል።

ሁለት ቃላት በአንድ መልክ

በስኮትስ «ግሪት» ማልቀስ ነው። ያለፈው ጊዜ «ግራት»፣ ከረዳት ግስ ጋር የሚሄደው ቅርጽ «ግረተን» ይሆናል። ግላስጎው ወይም አበርዲን ውስጥ አንዲት እናት ሕፃኑ እያለቀሰ መሆኑን ስትናገር የምትጠቀመው በዚህ ቃል ነው። ይኸው ድምፅና ይኸው አጻጻፍ በእንግሊዝኛ ግን ሰላምታ መስጠት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ የእናትየዋን ቃል ቢያይ ሕፃኑ ለእንግዶች ሰላምታ እየሰጠ ነው ብሎ ይረዳዋል። በዚህ ላይ እንግሊዝኛው ለማልቀስ የሚጠቀምበት «ክራይ» በስኮትስ መጥራት ነው፤ የሰውን ስም ለመጠየቅ «ምን ብለው ይጠሩሃል?» የሚባለው በእርሱ ነው።

የቃል ምንጭን የሚመረምረው ጥናት፣ ማለትም ኢቲሞሎጂ፣ «ግሪት» ከእንግሊዝኛው የሰላምታ ቃል ተጣሞ የወጣ አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል። ሁለቱ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ውስጥም የተለያዩ ግሶች ነበሩ። የለቅሶው ቃል በአራተኛው መቶ ዘመን በተተረጎመው፣ ጎት በተባለው ጥንታዊ ጀርመናዊ ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ዛሬም ስዊድናውያን «ግሮታ»፣ አይስላንዳውያን «ግራውታ» እያሉ ያለቅሳሉ። እንግዲህ ቃሉን የያዘው ስኮትስ ነው፤ የጣለው እንግሊዝኛ ነው። የደቡቡ እንግሊዝኛ «ዊፕ» የሚለውን ሌላ የቆየ ቃል አስፋፋ፣ ቀጥሎም «ክራይ»ን ከፈረንሳይኛ ወሰደ።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ከራሱ ቋንቋ ያውቀዋል። ግእዝ «በከየ» ይላል፤ ትግርኛም፣ ዐረብኛም፣ ዕብራይስጥም የዚሁ ሥር ቃል አላቸው። አማርኛ ግን «አለቀሰ» አለ። ከዚህ ተነሥቶ ትግርኛ የተበላሸ አማርኛ ነው የሚል የለም። ስለ ስኮትስ የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ መደበኛው ቋንቋ የጣለውን ቃል ይዞ የቆየው ዘመድ ቋንቋ እንደ አጥፊ ይቆጠራል።

በነገራችን ላይ ቃሉ ከእንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ አልጠፋ ይሆናል። ጸጸትን የሚገልጸው «ሪግሬት» ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የፈረንሳይኛው ቃል ደግሞ ምናልባት ከዚሁ የጀርመናዊ የለቅሶ ግስ የተወሰደ እንደሆነ የቃል ምንጭ አጥኚዎች ይገምታሉ።

ባርበርና የወንዶች እንባ

የቀድሞው ስኮትስ የሚባለው እስከ 1700 ድረስ ያለው ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ ከተጻፉት ረጃጅም ሥራዎች ቀዳሚው የአበርዲን ሊቀ ዲያቆን የነበረው ጆን ባርበር በ1375 አካባቢ የደረሰው «ብሩስ» የተባለ የግጥም ታሪክ ነው። የሚተርከው ስለ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ነው። በውስጡ ስለ ለቅሶ የተጻፈ አንድ ክፍል አለ፤ ለጉዳያችን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ጊዜው 1306 ነው። ብሩስ ዘውድ በጫነበት ዓመት ተሸንፎ፣ ጥቂት ሰዎች ይዞ በሎክ ሎመንድ ሐይቅ ዳርቻ ይሸሻል። ረኃብ ስለጠናባቸው አደን ይወጣሉ። የሌነክስ ገዥ የነበረው መስፍን ንጉሡ የሞተ መስሎት ነበር፤ የመለከቱን ድምፅ ከተራራው ሰምቶ ይመጣና ይገናኛሉ። ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ተከታዮቻቸውም ያለቅሳሉ።

ባርበር ትረካውን እዚህ ላይ ያቆምና ቃሉን መመርመር ይጀምራል። «ግራት» ብዬ ብጽፍም በትክክል ለቅሶ አልነበረም ይላል። ለእርሱ እውነተኛ «ግሬቲንግ»፣ ማለትም ለቅሶ፣ ከመከፋት የሚመጣ ነው፤ ሰው ከልቡ የሚያለቅሰው ሲያዝን ወይም ሲቆጣ ነው። ሴቶች ግን በፈለጉ ጊዜ ጉንጫቸውን በእንባ ማራስ ይችላሉ ብሎ የዘመኑን አስተሳሰብ ይጨምርበታል፤ ይህ ዛሬ የምንቀበለው አይደለም። ቀጥሎ የሚለው ግን የሚደነቅ ነው፦ ትልቅ ደስታ ወይም ርኅራኄ ሰውን ሲነካው ውኃ ከልብ ተነሥቶ ዓይንን ያርሳል፣ ይህም ለቅሶ ይመስላል። በርኅራኄ የሚመጣው እንባ የልብ መከፈት ነው፤ ተዘግቶበት የነበረውን ርኅራኄ ያወጣዋል።

ከ650 ዓመት በፊት አንድ ሊቀ ዲያቆን በአገሩ ቋንቋ የሰውን ስሜት በዚህ ደረጃ ይተነትን ነበር። «ግሪት» ያን ጊዜ የንጉሥና የመስፍን ቃል ነው። ሰዋስዉም የጠራ ነበር፦ «እያለቀሰ» ለማለት «ግሬታንድ»፣ «ለቅሶ» የሚለውን ስም ለመግለጽ «ግሬቲንግ» ይባላል። እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ መድረሻ ጨፍልቋቸዋል።

ባርበር ራሱ ቋንቋውን «ኢንግሊስ» ይለው እንደነበር መደበቅ አይገባም፤ የስኮትስን የተለየ ቋንቋነት የሚጠራጠሩ ወገኖችም ይህን ይጠቅሳሉ። በእርሱ ዘመን «ስኮቲስ» የሚለው ስም የሚያመለክተው ጌሊክን ነበር። የቆላው ሰዎች የራሳቸውን ቋንቋ «ስኮቲስ» ማለት የጀመሩት በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1513 የሮማዊውን ገጣሚ የቨርጂልን ግጥም ከላቲን የተረጎመው ጋቪን ዳግላስ የጻፍኩት በስኮትላንድ ሕዝብ ቋንቋ ነው ብሎ በግልጽ አስታውቋል። ስሙ የተለወጠው እንግዲህ ቋንቋው የራሱ ቤተ መንግሥት፣ ፍርድ ቤትና ገጣሚዎች ካገኘ በኋላ ነው።

1579፦ የሁለት መጻሕፍት ዓመት

መለያየቱም መዳከሙም በአንድ ዓመት ውስጥ ጎልተው ይታያሉ። በ1579 እንግሊዛዊው ገጣሚ ኤድመንድ ስፔንሰር ለንደን ውስጥ የእረኞች ግጥም አሳተመ። በኤፕሪል ክፍል መክፈቻ አንዱ እረኛ ሌላውን ምን እንደሚያስለቅሰው ሲጠይቀው «ግሪት» ይላል። ከግጥሙ ጋር የታተመው ማብራሪያ ቃሉን «ማልቀስና ማማረር» ብሎ ይፈታዋል። የለንደን አንባቢ ቃሉን ስለማያውቀው ፍቺ አስፈልጎታል ማለት ነው። ስፔንሰር የተጠቀመበትም የጥንትና የገጠር ጣዕም እንዲሰጥለት ነው።

በዚያው ዓመት ኤዲንብራ ውስጥ፣ በስኮትላንድ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ወጣ። ቋንቋው ግን ስኮትስ አልነበረም፤ ጄኔቫ በተሰደዱ እንግሊዛውያን የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ጌታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንዳለቀሰ የሚናገረው አጭር ቁጥር በዚህ ትርጉም ውስጥ «ዌፕት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይዟል። በዚያው ዓመት የወጣ የስኮትላንድ ሕግ ደግሞ አቅም ያላቸው ቤተሰቦች መጽሐፍ ቅዱስ በቤታቸው እንዲኖራቸው አዘዘ። መርዶክ ኒስቤት በ1520 ገደማ ሐዲስ ኪዳንን በስኮትስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ሥራው ግን በእጅ ጽሑፍ ብቻ ቀርቶ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ድረስ አልታተመም።

ስኮትስን ያዳከመው የ1707ቱ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ፓርላማዎች ውሕደት ብቻ ነው የሚለው የተለመደ አስተያየት በዚህ የተነሣ ጎደሎ ነው። መነሻው ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ካህኑ በስኮትስ ይሰብካል፣ ሕዝቡ በስኮትስ ያለቅሳል፤ የተቀደሰው ንባብ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ያስገደደ ወራሪ አልነበረም። የሃይማኖት ተሐድሶው መሪዎች በእጃቸው የነበረውን፣ አማኙም የሚረዳውን መጽሐፍ ነው የወሰዱት። ሁለቱ ቋንቋዎች መቀራረባቸው ስኮትስን የጎዳው በዚህ መንገድ ነው። ጌሊክ ራቅ ያለ በመሆኑ ትርጉም ማስፈለጉ አላጠራጠረም፤ ስኮትስ ግን «ይህማ ይገባችኋል» ተብሎ ታለፈ።

ያለቀሰው ንጉሥ

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1582፣ የ16 ዓመቱ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ በፐርዝ አቅራቢያ ባለው የሪቭን ግንብ በመኳንንት ተያዘ። ልሂድ ብሎ ሲነሣ ከለከሉት፤ አለቀሰ። ከመኳንንቱ አንዱ የሆነው የግላምዝ ማስተር ከጢማም ወንዶች ለቅሶ የልጆች ለቅሶ ይሻላል ብሎ እንደመለሰለት የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ንግግሩ በስኮትላንድ እስከ ዛሬ ተረት ሆኖ ይጠቀሳል፤ ልጅን መቅጣት በኋላ ከሚመጣ የትልቅ ሰው ጸጸት ይሻላል ለማለት ይውላል። በተረቱ ውስጥ ያለው ግስ «ግሪት» ነው። በአንዳንድ ትረካዎች ግን በእንግሊዝኛው «ዊፕ» ተተክቶ ይገኛል።

ይኸው ንጉሥ በ1603 የእንግሊዝንም ዙፋን ወርሶ ወደ ለንደን ሄደ። ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ የገጣሚው ደመወዝና የቋንቋው ክብር አብረው ሄዱ።

ከቤተ መንግሥት ወደ ማጀት

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ማየት ይበቃል። የኤዲንብራው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1752 የተማረ ሰው በጽሑፉ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ የስኮትስ አነጋገሮችን ዘርዝሮ አሳተመ። በ1872 ትምህርት ግዴታ ሲሆን ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ይዞ ወደ እያንዳንዱ መንደር ገባ፤ በስኮትስ የመለሰ ልጅ በቆዳ አለንጋ እጁን መገረፉ የብዙ ትውልድ ትዝታ ነው። በ1946 ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የወጣ የመንግሥት አማካሪዎች ሪፖርት ስኮትስ የተማሩ ሰዎች ቋንቋ እንዳልሆነና ለትምህርትም ለባህልም መሣሪያ ሊሆን እንደማይችል አሰፈረ።

«ግሪት» አልጠፋም። ገጣሚው ሮበርት በርንዝ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዘፈኖቹ ተጠቅሞበታል፤ ዛሬም በቆላው ስኮትላንድ የዕለት ተዕለት ቃል ነው። ስፍራው ግን ጠበበ። በብዛት የሚነገረው ስለ ሕፃን ለቅሶ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያማርርና ፊቱን የሚያጨፈግግ ሰውም በዚሁ ቃል ይሰደባል። ለቀብር ንግግር፣ ለሐዘን መግለጫ፣ ለጋዜጣ ግን የእንግሊዝኛው ቃል ይመረጣል። ከባርበር ንጉሥ እስከ ነጭናጫው ሰው ያለውን ርቀት ያመጣው ቋንቋው ከፍ ያሉ የመገልገያ መስኮቹን ማጣቱ ይመስለኛል። አንድ ቋንቋ ቤተ ክርስቲያንን፣ ፍርድ ቤትንና ትምህርት ቤትን ሲያጣ ቃላቱ ቢተርፉም የሚሸከሙት ጉዳይ ይቀንሳል።

ተከራካሪዎቹ ምን ይላሉ?

ስኮትስን እንደ ዘዬ የሚያዩት ወገኖች ጠንካራ ነጥቦች አሏቸው። ሁለቱን ተናጋሪዎች የሚለይ ስለታም ድንበር የለም፤ አብዛኛው ሰው እንደ አድማጩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ሁሉም የተስማማበት አጻጻፍም የለም፤ የሰሜን ምሥራቁ ዶሪክ፣ የግላስጎው አነጋገርና የሸትላንዱ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። «ግሪት» ራሱ በቀድሞው ዘመን «ግሬት» ተብሎም፣ የአናባቢውን ርዝመት ለማሳየት አንድ ፊደል ተጨምሮበትም ይጻፍ ነበር። አንዱ አጻጻፍ በሕግ ቢመረጥ የሌላው አካባቢ ሰው ቋንቋዬ ተወሰደብኝ ሊል ይችላል።

ደጋፊዎቹ ስዊድንኛና ኖርዌይኛን ይጠቅሳሉ። ተናጋሪዎቻቸው ይግባባሉ፤ ሆኖም ሁለት ቋንቋዎች ናቸው። ብሪታንያ ራሷ በ2001 የአውሮፓን የአካባቢና የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር ስታጸድቅ ስኮትስን በቋንቋነት እንደተቀበለች ያስታውሳሉ።

በእኔ ግምት የቋንቋ ጥናት ብቻውን ይህን ክርክር አይዘጋውም፤ በቋንቋና በዘዬ መካከል ያለውን መስመር የሚያሰምረው ብዙውን ጊዜ ታሪክና ሥልጣን ነው። የ«ግሪት» ታሪክ ግን አንዱን አስተያየት በማስረጃ ይጥለዋል፤ እርሱም ስኮትስ የእንግሊዝኛ ብልሽት ነው የሚለው ነው። ከዚያ የሚቀረው ጥያቄ ለቋንቋው ምን ይደረግለት የሚለው ነው።

መዝገበ ቃላትና ማሽን

ቋንቋው በመዝገበ ቃላት በኩል ድሃ አይደለም። የቀድሞውን ዘመን የሚሸፍነው መዝገበ ቃላት ከ1931 ጀምሮ በየክፍሉ እየታተመ በ2002 በ12 ጥራዝ ተጠናቀቀ። ከ1700 ወዲህ ያለውን የሚይዘው ባለ 10 ጥራዙ ሥራ በ1976 አልቋል። ከ2004 ጀምሮ ሁለቱም በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ።

ያም ሆኖ በነሐሴ 2020 የስኮትስ ዊኪፒዲያ ትልቅ ክፍል ቋንቋውን በማይናገር አሜሪካዊ ወጣት መጻፉ ታወቀ። ሥራውን የጀመረው ገና ልጅ ሳለ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ጽፏል። ዘዴው የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይዞ ቃሉን ከመዝገብ እየፈለጉ መተካት ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ስኮትስ የእንግሊዝኛ ቃላት ሌላ አጻጻፍ ብቻ ነው የሚለውን ጥርጣሬ ያጠናከረው ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው።

ለትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ጽሑፍ ለሚያመነጩ የኮምፒውተር ሥርዓቶች፣ ችግሩ የበለጠ ነው። የሚማሩበት የጽሑፍ ክምችት፣ ኮርፐስ የሚባለው፣ ትንሽና የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱን ያባዙታል። «ግሪት»ን የያዘ ዓረፍተ ነገር የሚያገኝ ሞዴል በእንግሊዝኛው ብዛት ተጎትቶ ለቅሶውን ሰላምታ ሊያደርገው ይችላል። ከእንግሊዝኛ ፈጽሞ የሚለይ ቋንቋ ሲሳሳቱበት ስሕተቱ ይታያል፤ በዘመድ ቋንቋ ላይ ግን ስሕተቱ ትክክል መስሎ ያልፋል።

ሕጉ ምን ሊለውጥ ይችላል?

የስኮትላንድ ፓርላማ ሕጉን ያጸደቀው በጁን 17 ቀን 2025 ነው። ሚኒስትሮቹ ለስኮትስ ስትራቴጂ እንዲያዘጋጁ ያስገድዳቸዋል፤ በትምህርት ውስጥ ስላለው ስፍራም ደረጃና መመሪያ ማውጣት ያስችላቸዋል። ጌሊክ ከ2005 ጀምሮ የራሱ ሕግ ነበረው፤ ስኮትስ እንዲህ ያለ መሠረት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። ተቺዎች ገንዘብ ያልተመደበለት ዕውቅና ወረቀት ላይ ይቀራል ይላሉ፤ ሥጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም።

ለውጡ ቀድሞ የሚታየው ትምህርት ቤት ውስጥ ይመስላል። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ጓደኛው ያለቀሰበትን ታሪክ ሲጽፍ «ግራት» ቢል፣ መምህሩ በቀይ ቀለም ይሰርዘው ወይስ ትክክለኛ ያለፈ ጊዜ መሆኑን ይንገረው? እስካሁን መልሱ በየመምህሩ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። በመመሪያ ከተደገፈ መምህሩም ልጁም አይቸገሩም። ቤተሰቦቻቸው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ መጥተው በግላስጎው ለሚያድጉ ልጆችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ የሚማሩት እንግሊዝኛና በግቢው ውስጥ የሚሰሙት ቋንቋ ለምን እንደሚለያዩ የሚነግራቸው መምህር ያስፈልጋቸዋል።

የአጻጻፉ ጉዳይ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል። አንድ መደበኛ አጻጻፍ ለመማሪያ መጽሐፍና ለኮምፒውተር ይመቻል፤ የሸትላንዱን ወይም የአበርዲኑን ተናጋሪ ግን ሊያርቅ ይችላል። የተሻለው መንገድ የየአካባቢውን አጻጻፍ ተቀብሎ፣ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ሁሉንም ወደ አንድ ርእሰ ቃል መምራት ነው። ነባሮቹ መዝገበ ቃላት ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ስትራቴጂውን የሚጽፉት ሰዎች ከዚያ ቢጀምሩ ከባዶ አይነሡም።